ሃያ ቀን ያገኘሁበት ችሎት

ልጄ ዋይስ፣ አላህ በሰው አገር መወደድን ይስጥህ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን፤ ሙቀቱ ግን ዘንድሮ የከዚራን የዛፍ ጥላ እንኳ አልማረም። ሆዮ ልጄ፣ በልተህ ነው የምትውለው?

ጎረቤታችን ሀናድ፣ የሱቃችንን የጓሮ በር "በይዞታዬ ላይ ነው የተከፈተው፣ ይዘጋልኝ" ብሎ ከሶኝ የለ? የጽሑፍ መልስ የማቀርብበት ቀን ደረሰ። እኔ እንደ ጀልዴሳ የአገር ሽማግሌ ሸንጎ በቃል የሚያልቅ መስሎኝ አራት ሽማግሌ በሁለት ባጃጅ ይዤ ሄድኩልህ። ዳኛዋ "የጽሑፍ መልስዎስ?" ስትለኝ ሽማግሌዎቹን አሳየኋት። የሀናድ ጠበቃ እየሳቀ ተነስቶ "በቀኑ አላቀረበችም፣ መልስ የመስጠት መብቷ ይታለፍ" አለ።

አፌ ግን አልከዳኝም። "ክብርት ዳኛ፣ ጠበቃ የለኝም፤ የምከራከረው ራሴ ነኝ። ቸል ብል ኖሮ ዛሬ እዚህ አልገኝም ነበር፤ የሳትኩት ባለማወቅ ነው። መጻፊያ ጊዜ ስጪኝ" አልኳት። በድሬ አፌ ዳኛዋን አንቺ ብዬ "ስጪኝ" ማለቴ የታወቀኝ ከወጣሁ በኋላ ነው። እሷ ግን ምክንያቱ በቂ ነው ብላ ሃያ ቀን ሰጠችኝ! ሽማግሌዎቹ እስከ ሱቃችን ድረስ እየመረቁኝ መጡ። መልሱን እኔ እየተናገርኩ እህትህ ኢክራን ጻፈችው፤ በአስራ ሁለተኛው ቀን አስገባሁት።

ጠበቃ ልያዝልሽ እንዳትለኝ። አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ በዓይኔ ያሳየኝ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፤ አባትህ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ያንን በር ሲገጥም የተነሳው ፎቶ አንተ ጋ ነው። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ላክልኝ። በፎቶው ላይ በሩን ደግፎ የያዘለት ራሱ ሀናድ ነው።

እናትህ ሃዎ