ሳቂታው የሚባለው ቢራ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣ ጎልማሳ ሆነህም ማሙሽ ማለቱን ላልተውኩልህ፤

እንዴት ከረምክ? ጤናህስ? ያ ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሳ እንደ ሽማግሌ ታቃስታለህ? ባለቤትህ እንዴት ናት? ትንሿ ጥርስ አወጣች? ትልቁስ ትምህርቱን ይከታተላል ወይስ እንዳንተ በመስኮት ወፍ ሲቆጥር ይውላል? እኔ በአካል ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እንቅልፍም አይነሳኝም። አማቴም ከጉልበታቸው በቀር ደህና ናቸው። የቀረውን ግን ደህና ነኝ ብዬ ላልፈው አልቻልኩም፤ ስለዚህ ረጋ ብለህ ቁጭ በልና አንብበው።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። በበጋው የባለቤትህን አባት ይዘህ ልትመጣ መሆኑን ሳነብ ደስ አለኝ። ቢራ ወዳጅ ናቸው፣ ደግሞ የትልልቁን ፋብሪካ አይደለም፣ ትናንሾቹ ጠማቂዎች በየመንደሩ በእጃቸው የሚሠሩትን ነው የሚፈልጉት፤ እናም የትኛው የትኛው ቢቀመስ ይሻላል ብለህ ጠይቀኸኛል። ከዚያ ከታች፣ "በአማቻችን ስም የተጠራ ቢራ አለ ሲሉ ሰማሁ፤ እንዴት ያለ ክብር ነው! ከእሱ እንጀምራለን" የምትል መስመር ጨምረሃል። እሷ ላይ ስደርስ ክው አልኩ። አልፈርድብህም። ከዚያ ርቀት ለሚሰማው ሰው በእርግጥ ክብር ይመስላል።

በቅድሚያ የጠየቅከኝን ልመልስ። ወንዙ ዳር፣ ድሮ ወፍጮ ቤት በነበረው ውስጥ፣ ሁለት እህትማማቾች የሚጠምቁት የስንዴ ቢራ አለ። ደፍረስ ያለ ነው፤ ሽማግሌው ተበላሽቷል ብለው እንዳይመልሱት ቀድመህ ንገራቸው። የብርቱካን ልጣጭ ሽታ አለው፣ በጠራራ ፀሐይ የደከመ ሰው ሲጠጣው ነፍሱ መለስ ትላለች። እህትማማቾቹ ቀኑን ሙሉ ሲነታረኩ ይውላሉ፣ ቢራው ላይ ብቻ ነው የሚስማሙት።

ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ደግሞ ጡረታ የወጣ ባቡር ነጂ አለ። የእሱ ጥቁር ነው። ብቅሉን በእንጨት ጭስ ያደርቀዋል፤ የመጀመሪያውን ስትጎነጭ የተቃጠለ ቤት የላስክ ይመስልሃል፣ ብርጭቆው ሲጋመስ ግን ከእጅህ አታስቀምጠውም። ሰውዬው ግልፍተኛ ነው። "በረዶ የመሰለ ቀዝቃዛ ስጠኝ" ያለውን ሁሉ "ውሃ ጠጣ!" ብሎ ያባርራል፤ ስለዚህ የሰጣችሁን ዝም ብላችሁ ተቀበሉ። ኮረብታው ላይ ያለው ንብ አናቢ የሚሠራው የማር ቢራም አይቅርባችሁ። ስትጠጣው ልጅ የሚጫወትበት ነገር ይመስላል፣ ስትነሳ ግን እግርህ ከአንተ ጋር አይነሳም። ሽማግሌውን ደግፈህ መውረድ ስላለብህ አንተ ቆጠብ በል።

ይህን ሁሉ ያሳወቀኝ ባለቤቴ ነው። በዕረፍት ቀናችን ከአንዱ ጠማቂ ወደ አንዱ ይዞኝ ይዞር ነበር። እኔ በጠርሙስ መሙያው መስመር ላይ የምሠራ ሴት ቢራ የሚባል ነገር ማየት አልፈልግም ስለው፣ "አንቺ የምታዪው ጠርሙስ ነው፣ ነይ ቢራ ላሳይሽ" ይለኝ ነበር። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቶ፣ አሽትቶ፣ ጉንጩ ውስጥ አመላልሶ፣ ከዚያ ይስቃል። ቢጥመውም ይስቃል፣ ባይጥመውም ይስቃል። አንተም ታውቀዋለህ፤ ጥርስ የማይከድን ሰው ነበር። ሳቂታው ያሉትም ለዚሁ ነው።

አሁን ባለቤቴ ይጠምቅበት፣ እኔም ጠርሙስ እሞላበት ወደነበረው ቤት ቢራ ልምጣ። ቀይ ነው፣ አዲስ የተወለወለ መዳብ ይመስላል። መራራ ነው፤ ከዋጥከው በኋላ ምላስህ ላይ ቆይቶ፣ መለስ ብሎ ትንሽ ጣፈጥ ይላል። ባለቤቴ ሆፑን፣ ያንን የፈረንጅ ጌሾ፣ እየጨመረ እየቀነሰ ስንት ጊዜ እንዳበላሸው እኔ ነኝ የማውቀው። ጥሩ ቢራ ነው፣ ማሙሽ። አንጀቴን የሚያሳርረኝም እሱ ነው። መጥፎ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ስለ አሟሟቱ በስልክ የሰማኸው "ሥራ ላይ ሳለ ልቡ ቀጥ አለ" የሚለውን ነው። እኛም የተነገረን እሱ ነበር። በማለዳ እንደ ልማዱ ወደ ምድር ቤት፣ ቢራው ወደሚፈላባቸው የብረት ጋኖች ወረደ። እኔ ከላይ መስመሬ ላይ ነበርኩ፤ በጠርሙሱ ኳኳታ መሃል ጩኸት ሰማሁና መስመሩ ቆመ። ሲያወጡት የተኛ ነበር የሚመስለው። አለቃችን፣ የጠመቃው ባለቤት ማለቴ ነው፣ ከእኔ በላይ አለቀሰ። ደረቱን ሲመታ ሰው ነው የያዘው። "ልቡን ነው፣ ልቡን ነው የከዳው" እያለ ለመጣው ሁሉ ይናገር ነበር። እኔም አመንኩት። ያን ያህል የሚያለቅስ ሰው ይዋሻል ብሎ ማን ያስባል?

ከዚያ ጥቂት ወራት ቆይቶ ቀዩ ቢራ ገበያ ወጣ። ስሙን "ሳቂታው" ብለውታል። ጠርሙሱ ላይ የባለቤቴ ፊት አለ፣ አፉን ከፍቶ ሲስቅ። ከሥሩም "ሕይወቱን ለቢራ የሰጠው" የሚል ጽሑፍ። ማንም አልጠየቀኝም። እኔ ያየሁት እንዴት መሰለህ? መስመሬ ላይ ቆሜ፣ ጠርሙሶቹ እየተንቀጫቀጩ ሲመጡ፣ እሱ እየሳቀ፣ ከኋላው እሱ፣ ከኋላውም እሱ። እጄን ከመስመሩ ላይ አነሳሁ። ያጠገቤ ሴትዮ ማሽኑን አጠፋችው። አለቃም መጥቶ ትከሻዬን ያዘና "አየሽ፣ እኔ ሰው አልረሳም" አለኝ። ማሽኑን መልሼ አስነሳሁ።

አማቴ ግን ደስ አላቸው። ስለ እውነት ነው የምነግርህ፣ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ የዚያን ዕለት ብቻ ነው ወገባቸው ቀና ያለው። ሰፈሩ ውስጥ ያለው ሱቅ እየሄዱ መደርደሪያው ፊት ይቆማሉ። ባለሱቁ ደግ ሰው ነው፣ ጉልበታቸውን አይቶ በርጩማ አዘጋጀላቸው። ቁጭ ብለው ያዩታል። ሰው ሲገዛ "ልጄ ነው" ይሉታል። አንዳንዱ ያፍርና መልሶ ያስቀምጠዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ "በጤናዎ እማማ" ብሎ ይዞ ይሄዳል።

የበርሜል አጣቢው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እሱና ባለቤቴ አብረው የሚሠሩ ጓደኛሞች ነበሩ። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ተከትሎኝ መጣና መንገድ ዳር ቆሞ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። "ያንን ጠርሙስ ማየት አልቻልኩም፣ ልናገርና ይውጣልኝ" አለኝ። ቢራው ሲፈላ ጋዝ ያወጣል፤ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ከባድ ስለሆነ ታች ወለሉ ላይ ይተኛል። ያንን ጠርጎ የሚያወጣው ቬንትሌተር ተበላሽቶ ቆይቷል። ለአለቃ ነግረውታል፣ ባለቤቴ ራሱ ሁለት ሦስቴ ነግሮታል። አለቃም "ይህን ዙር እንጨርስና ይሠራል" ብሏል። ያን ቀን ባለቤቴ ወለሉ ላይ የቀረ ቱቦ ሊያነሳ ጎንበስ አለ፣ ከዚያ አልተነሳም። "ከቀብር ስንመለስ ቬንትሌተሩ ተሠርቶ ይሽከረከር ነበር" አለኝ በርሜል አጣቢው። እንባም አልመጣልኝ።

በማግስቱ አለቃ ቢሮ ገባሁ። ጮኼ አልተናገርኩም። "ቢያንስ ያንን ጽሑፍ አንሳልኝ፤ እሱ ሕይወቱን ለማንም አልሰጠም" አልኩት። አልካደም፣ አላመነም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የጠርሙስ መክፈቻ እያገላበጠ፣ "ሙት አይመለስም፣ እህቴ። እኔ ስሙን አስጠራሁት። እናቱን ደግሞ ተመልከቺያቸው፣ ደስታቸውን ልትቀሚያቸው ነው?" አለኝ። የት ላይ እንደሚነካኝ ያውቃል። ወደ መስመሬ ተመለስኩ።

የአካባቢው ጠማቂዎች በዓመት አንዴ ትልቁ መጋዘን ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተው ቢራቸውን የሚያስቀምሱበት ቀን አላቸው። አምና ሳቂታው አንደኛ ወጣ። አለቃ ዋንጫውን እኔ እንድቀበል ጠራኝ፤ አማቴ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። "ሁለት ቃል በይ" ብሎ ማይክሮፎኑን ሰጠኝ። ማሙሽ፣ አመሰግናለሁ ብዬ ልወርድ ነበር፣ እውነቴን ነው። ነገር ግን ፊት ለፊቴ አንድ የማላውቀው ሰው ጠርሙሱን አንስቶ፣ የባለቤቴን ፊት በአውራ ጣቱ ሸፍኖ ይጎነጭ ነበር።

"ባለቤቴ ሕይወቱን ለቢራ አልሰጠም" አልኩ። "ቱቦ ሊያነሳ ነው የወረደው፤ ወደ ቤቱም ሊመለስ ነው የወረደው። ቬንትሌተሩ ተበላሽቶ ነበር። ነግሮታል። አለቃ ያውቅ ነበር።" ሌላ አላልኩም። ጉንጩን በቢራ የሞላው ሰውዬ ይዋጠው ይትፋው ግራ ገባው። ያ ግልፍተኛ ባቡር ነጂ ብቻ ነው ተነስቶ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ ገልብጦ የወጣው። አለቃ አመድ መስሎ ቆሞ ቀረ።

ምን ሆነ ብትለኝ፣ ተቆጣጣሪዎች መጡ፣ ምድር ቤቱ ለጊዜው ታሸገ፣ ተጠየቀ፣ ተጻፈ፣ ከዚያ ተከፈተ። አለቃ አሁንም አለቃ ነው። የባለቤቴን ፊት አነሳና በምትኩ በርሜል ሣለበት፤ ስሙንም "ቀዩ" አለው። እንደ ድሮው ይሸጣል፣ እንዲያውም ብሶበታል አሉ። ምድር ቤቱ ሲታሸግ ቤታቸው የዋሉት የሥራ ባልደረቦቼ ግን ሰላምታ ነፈጉኝ። አጠገቤ የምትቆመው ሴትዮ ቦታ ቀየረች። በርሜል አጣቢውም ዓይኔን ይሸሻል። እኔም ራሴ ለቀቅኩ፤ አሁን የምሠራው ወፍጮ ቤት ካሉት እህትማማቾች ጋር ነው። ጭቅጭቃቸውን ለምጄዋለሁ።

ይበልጥ የከበደኝ ግን ቤት ውስጥ ያለው ነው። የዚያን ቀን አማቴን ደግፌ ከመጋዘኑ ወደ ቤት ወሰድኳቸው። ገብተን ነጠላቸውን አጣጥፈው ካስቀመጡ በኋላ፣ "አውቅ ነበር፣ ልጄ" አሉኝ። በርሜል አጣቢው ለእኔ ከመናገሩ በፊት እግራቸው ላይ ወድቆ ለሳቸው ነግሯቸዋል። "ታዲያ ለምን ዝም አሉ እማማ?" ብዬ ጮህኩ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮህኩባቸው። "ሲስቅ የማየው እዚያ ብቻ ነበራ" አሉኝ። ያን ሁሉ የሚስቅ ሰው ካሜራ ሲያይ እንደ ዘበኛ ቀጥ ይል አልነበር? እኛ ቤት ያለው ፎቶ ሁሉ የተኮሳተረ ነው። "አሁን የት ሄጄ ልየው?" አሉኝ።

ከርሜ ከርሜ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ አለቃ ዘንድ ሄድኩና የጠርሙሱ ፊት የተወሰደበትን ፎቶ ለመንኩት። እምቢ ይላል ብዬ ነበር። ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጠኝ፣ ፊቴን ግን አላየም። መንገድ ላይ ከፖስታው ሳወጣው ጠርሙሱ ላይ ያልነበረውን አየሁ። ባለቤቴ ብቻውን አይደለም። አለቃ ክንዱን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ ጆሮው ውስጥ አንድ ነገር እየነገረው፣ ሁለቱም ከት ብለው እየሳቁ ነው።

ቤት እንደገባሁ መቀስ አነሳሁ። አማቴ እጄን ያዙኝ። "ተይ፣ አትቁረጪው። የሚስቀው እኮ አለቃው ባለው ነገር ነው" አሉኝ። ግድግዳው ላይ እንዳለ ሰቀሉት፣ ልክ ከምንበላበት ጠረጴዛ ፊት ለፊት። እሳቸው እያዩት ይበላሉ፣ አንዳንዴም አብረው ፈገግ ይላሉ። እኔ ወንበሬን አዙሬ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ እበላለሁ።

ስትመጡ ታዩታላችሁ። ምንም እንዳትል አደራ።

ለባለቤትህ አባት፣ ጉንጫቸውን አዘጋጅተው ይምጡ በልልኝ። ለባለቤትህ እህትነቴንና ናፍቆቴን አድርስልኝ፤ አንተን የቻለች ሴት ዓለምን ትችላለች። ትልቁን ግንባሩን ሳምልኝ፣ ከመስኮቱም አንሳው። ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ። አማቴ ሁላችሁንም እቅፍ አድርገው ስመዋችኋል፤ "ያ ማሙሽ ከሳ ወይ?" እያሉ ነው።

የማትረሳህ እህትህ

ከወንዙ ማዶ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጓሮ
ኅዳር ፬ ቀን