በስተቀኝ ያለው ጥግ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመዋል? የአዲስ አበባ ብርድ ጉልበትዎን እንዴት ይዞታል? እኔ ደህና ነኝ። ሸዋ ሮቢት እንደሚያውቋት ናት፤ ሙቀቱ ቀለሙን በቆርቆሮው ውስጥ ያደርቀዋል። እናታችንም ደህና ናት፤ ሰላም በይልኝ ግን አላለችም።

ይህን ሲያነቡ የላክሁልዎት ስምንት ሥዕሎች በዐውደ ርእይዎ አዳራሽ ውስጥ ተሰቅለዋል። እንደ ቀድሞዎቹ ሁሉ ፊርማው የእርስዎ ነው። የገጠር ሴት ስም ያለበትን ሥዕል ማን ይገዛል፣ ለጊዜው በእኔ ስም ይሁን ቢሉኝ እሺ አልኩ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ሦስት ዓመት ተቀመጥኩ።

ባለፈው በቴሌቪዥን ሲናገሩ ግን ከእናታችን ጋር ሆነን ሰማንዎት። ሥዕል ያስተማረኝ የለም አሉ። የባትሪ ድንጋይ ፈጭቼ ጥቁር ቀለም አወጣሁ፣ በማዳበሪያ ጆንያ ላይ የሮቢት ገበያን ግመሎች ሳልኩ አሉ። ወንድም ጋሼ፣ እርስዎ ግመል ሲያዩ መንገድ የሚቀይሩ ሰው ነዎት። ሳምንት ሙሉ ጠቁረው የሚሰነብቱት የእኔ ጣቶች ነበሩ። ቆሻሻ ብለው ከማዕድ ያስነሱኝም እርስዎ ነበሩ። ሥዕሎቹን መውሰድዎን ችዬ ነበር፤ ልጅነቴን መውሰድዎ ግን አንገበገበኝ። እናታችን ቴሌቪዥኑን አጥፊው ብቻ አለችኝ።

ታፔላ ጻፊው አንዋር ዘንድ ስሠራ ያጠፋሁትን ግን አልተናገሩም፤ አያውቁትማ። በአሮጌ የዘይት ቀለም ላይ የአንድ ጭማቂ ቤት ስም በውሃ ቀለም ጻፍኩ። ዝናብ አጠበውና የድሮው ሥጋ ቤት ስም ከሥር ወጣ፤ ያውም በፍልሰታ ጾም። ባለቤቱ ሊመታኝ ምንም አልቀረው።

ስምንቱን ሥዕሎች ከመላኬ በፊት፣ እርስዎ ሁልጊዜ በሚፈርሙበት በስተቀኝ ጥግ ስሜን በዘይት ቀለም ጻፍኩ። ሲደርቅ አፈር የሚመስል የውሃ ቀለም ቀባሁበት። የፈረሙት እዚያ ላይ ነው።

ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሉ ይሆናል። ይበሉ። ስላሳደጉኝ እግዜር ይስጥልኝ፤ የሰረቁኝን ግን አልተውልዎትም።

አምላክ ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ፤ ይህን ቀን ደጋግመው የሚያስታውሱበት ዕድሜ።

ደብዳቤውን ባለቤትዎ እትዬ ሰብለ አዳራሹ በእንግዳ ሲሞላ እንድትሰጥዎ ተነጋግረናል። ለምን እሺ እንዳለችኝ አልጠየቅኋትም፤ እርስዎ ሳያውቁት አይቀሩም። አሁን ቀና ብለው ቢያዩ፣ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ከመጀመሪያው ሥዕል ፊት ቆማለች።

ታናሽ እህትዎ