ያለ ነጥብ ያለፍኩበት ፈተና

ለውድ እህቴ፣

አራስነቱ እንዴት ይዞሻል? ሕፃኑስ ጡት ያዘልሽ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ስልክሽን ያላነሣሁት ችላ ብዬሽ እንዳይመስልሽ፤ ድምፄ ስለዘጋኝ መጻፉ ይሻላል ብዬ ነው።

ስለ ውጤቴ ጠይቀሽኛል። መንገድ ተዘግቶ ብዙው ተማሪ ዘግይቶ ስለገባ፣ ግቢያችን ዘንድሮ ምርጫ ሰጠን። የፈለገ እንደ ወትሮው ኤ ወይም ቢ ይቀበላል፤ ያልፈለገ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ተብሎ ብቻ ይጻፍለታል፣ ከነጥቡም አይደመርለትም። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ።

መምህር ዱጋሳ ቢሮ ጠርተው ተቆጡኝ። «ወረቀትህን አርሜዋለሁ፣ ኤ ነው። በረዳት መምህርነት ልናስቀርህ ስናስብ፣ ነጥብህን በገዛ እጅህ ትጥላለህ? ምን ነካህ?» አሉኝ።

አሶሳ ሆስፒታል እናታችንን ሳስታምም መክረሜን ነገርኳቸው። አጠገቧ የተኛችው ነዕማ፣ የኩርሙክ ሴት፣ «ኢንሻላህ፣ ልጅሽ ትልቅ ሰው ይሆናል» ስትላት እናታችን ደስ ይላት ነበር። የፈተናው ዕለት አልሄድም ብዬ እጇን ይዤ ተቀመጥኩ። እሷ ግን «ሂድ፣ የእኔ ልጅ በእኔ ሰበብ አይቀርም» ብላ እጄን ለቀቀችው። ጽፌ ስመለስ ነዕማ ከእነሕመሟ ተነሥታ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ስለዚያ ቀን ከአንቺ ጋር ሌላ ጊዜ እናወራለን፤ ለእሳቸው ግን ሁሉንም ነገርኳቸው። «የዚያን ቀን ሥራዬን ኤ ብለው ቢሰጡኝ በየትኛው እጄ እቀበላለሁ?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ተነሥተው አቀፉኝ፤ የምርጫዬን ቅጽም ፈረሙልኝ።

ውጤቱ ሲለጠፍ ከስሜ ጎን «አለፈ» ይላል። ጓደኞቼ እንኳን ደስ አለህ ሲሉኝ ቃሉን መስማት ከበደኝ። አሁን መንጌ ሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር አመልክቻለሁ።

ከእናታችን ጋር አገናኘኝ ብለሽ ስለጻፍሽው፣ አሁን አይመችም። ሕፃኑ ክርስትና ከተነሣ በኋላ አክስታችን በቀለችና አጎታችን ሞላ ይመጡልሻል። እስከዚያ ለማንም አትደውዪ፣ የሰው ወሬም አትስሚ። ብዪ፣ ጠጪ፣ ወተትሽ እንዳይደርቅ።

የላክሽላት ነጠላ ደርሷል። የጎረቤት ሴቶች ለአንቺ መታሰቢያ ይቀመጥ ቢሉም እምቢ ብዬ አልብሻታለሁ። በጣም አምሮባት ነበር።

ልጅሽን ያሳድግልሽ፤ አንቺንም ለእኔ ያቆይልኝ።

አንቺ ብቻ ያለሽው ታናሽ ወንድምሽ