ከነላስቲኩ ሙሉ ነጥብ

ለውድ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? እማዬ መድኃኒቷን ትውጣለች ወይስ አሁንም ትራሷ ሥር ትደብቀዋለች? ልጆቹስ? እኔ ጤናዬ ደኅና ነው፤ ንዴቱ ግን ሊገድለኝ ነው።

መቼም ሥራዬን ታውቂዋለሽ። የአገሪቱ ተቋማት በእውቀት ላይ ለተመሠረተ ኢኮኖሚ ምን ያህል እንደሚያግዙ መለካት ነው። ሲጠሩት አፍ ይሞላል። ቤተ መጻሕፍቱን፣ ማሠልጠኛውን እየዞርን ነጥብ እንሰጣለን፤ ዝቅ ያለው ይዘጋል።

በቀደም ሁለት ማሠልጠኛዎች ሄጄ ነበር። አንደኛው ጋ ኮምፒውተሮቹ ከነላስቲካቸው ተደርድረዋል፣ ወለሉ ያንጸባርቃል፣ ሰው ግን የለም። ኃላፊው ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ፣ ተማሪ ካስገባንማ ይበላሻሉ አለኝ፣ እንደ ቁም ነገር። ሁለተኛው ጋ መግቢያ አጣሁ። ባንድ ወንበር ሁለት ሁለት ሆነው ተቀምጠዋል፤ የኪቦርዱ ፊደሎች ከመነካካት ብዛት ጠፍተዋል፤ የተበላሹትን ማሽኖች ፈታትታ አንዲት አስተማሪ ጥገና ታስተምርባቸዋለች። የእኛ መለኪያ የሚጠይቀው ግን ያልተበላሸ ስንት አለ ብቻ ነው። የተቆለፈው ሙሉ ነጥብ አገኘ፣ ያኛው ወደቀ።

አለቃዬ ዘንድ ገብቼ ጮኽኩ። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ እሱ ነው ይበልጥ የሚያናድደው። ሻይ አዘዘልኝና፣ «እህቴ፣ የሚማሩትን ሰዎች የትኛው ቦታ ላይ ልሙላልሽ? መጠይቁ አይጠይቅም እኮ» አለኝ። ደግሜ ብነግረው ያው ነው፤ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

እትዬ፣ በሚመጣው ወር ባልደረቦቼ ወደ እናንተ ይመጣሉ። እኔ እህትሽ ስለሆንኩ አልላክም። ቤተ መጻሕፍትሽን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ መጽሐፉ ሁሉ ከመነበብ ብዛት ሽፋኑ ተገንጥሎ በፕላስተር የተያዘ ነው። እንደዚያ ሆኖ ካገኙት፣ ዕድሜሽን የጨረስሽበትን ቤት ይዘጉታል። ስለዚህ የተለጠፈውን ሁሉ ጓዳ አስገቢው። ማንም ገልጧቸው የማያውቃቸውን እነዚያን ወፋፍራሞች ፊት ለፊት ደርድሪ። ኮምፒውተሮቹን ወልውለሽ ሸፍኚያቸው። ይህን የምመክርሽ እኔ፣ ለኪዋ ነኝ፤ በጣም አፍራለሁ።

እማዬን ጉንጯን ሳሚልኝ። ለዚያ ቀልደኛ ባልሽ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ትልቋ ልጅሽ ፈተናዋን ማለፍ አለማለፏን ጻፊልኝ፤ ማሙሽን እቅፍ አድርጊልኝ። ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ እየሮጡ አንቺ ዘንድ ለሚመጡት ልጆችም ሰላም በይልኝ። ያን ሳምንት ብቻ፣ በሞቴ፣ በሩን ዝጊባቸው።

ንዴቷ ያልበረደላት ታናሽሽ
ከመሥሪያ ቤት፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር ፱ ቀን