ጣናነሽ ያልኋት ለምን እንደሆነ

ይኸነው፣ የኔ ዓለም፣

ከተለያየን አራተኛው ክረምት ገባ። ሐይቁ ሞልቶ መንገዱን እየነካ ነው። በሩን ቆልፌ ነው የምጽፍልህ። አንተን ማልቀስ ከተከለከልሁ ወዲህ ቆልፎ መቀመጥ ለምጃለሁ። እርሜን አላወጣሁም።

ልጃችን ሴት ናት። ሆዴ ውስጥ ሳለች፣ ሴት ከሆነች ዓባይነሽ ትባል ብለኸኝ ነበር። አላልኋትም፤ አትቀየመኝ። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ይሄዳል። አንተ አልወጣህም። አንድ ታንኳ ቀዛፊ ደንገሉ ሥር አይቶሃል፤ እጅህ የፊጥኝ ታስሮ። በአረንጓዴው ሹራብህ አወቀህ። ሊያወጣህ ፈራ። ለእኔ ብቻ ሹክ አለኝ።

ስለዚህ ጣናነሽ አልኋት። መቃብር የለህም፤ ስሟ መቃብርህ ነው። በጠራኋት ቁጥር የት እንዳለህ እናገራለሁ፤ የሚገባው ሰው የለም።

የወሰደህ የቀበሌው ሊቀመንበር ዛሬም ጎረቤታችን ነው። በቀበሌው ሱቅ፣ ስኳር ልገዛ ተሰልፌ፣ ልጅቷን አዝዬ አገኘኝ። ማን አልሻት? አለኝ። ጣናነሽ። ምን ማለት ነው? እንደ ሐይቁ ስፊ ማለት ነው፣ አልሁት። ሰልፈኛው እየሰማ፣ ይኼ ነው ስም! አገር የሚያነሳ! አለ።

ከዚያ ወዲያ ስሙ ፋሽን ሆነ። ከወለጋ ተቀይሮ የመጣው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው መካኒክ ልጁን ጣናነሽ አላት። አንዲት አስተማሪም እንዲሁ። ፋሲሎ ሰፈር ድረስ ተዛመተ።

ሊቀመንበሩም ሴት ልጅ ወለደ። ጣናነሽ አላት።

አራስ ጥየቃ ሄድሁ፣ ይኸነው። ሚስቱን እንኳን ማርያም ማረችሽ አልኋት፤ ገንፎዋን በላሁ። እሱ ሕፃኗን ከፍ አድርጎ፣ ማነሽ አንቺ? ጣና ነሽ! ጣና ነሽ! ይላታል። አንተን የጣለበትን ውኃ በገዛ እጁ ታቅፎ። ሳቅሁ። ካንተ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነበር።

ቤቴ ስገባ ግን ጭንቀት ያዘኝ። ቢያውቅስ? አውቆ፣ ይህን ስምም ሊወስድብኝ ቢሆንስ?

አያውቅም ነበር። የገባው ባለፈው እሑድ ነው። ልጆች ሐይቁ ዳር ሲጫወቱ እያየሁ፣ የእሱዋ ድክ ድክ እያለች ወደ ውኃው ሄደች። እየሮጠ ጮኸ፤ ጣናነሽ! ጣናነሽ! ልጅቷ ቆመች። እሱም ቆመ። ፊቱ ወደ ሐይቁ፣ ስሙ አፉ ውስጥ እንዳለ። ከዚያ ዘወር ብሎ አየኝ። አላቀረቀርሁም። እሱ አቀረቀረ።

አሁን ሚሚ ነው የሚላት። ሰፈሩ ግን ጣናነሽ ማለቱን አልተወም፤ ሚስቱም።

ወደ ማታ ልጄን ለመጥራት የምወጣው በእሱ አጥር በኩል ሆኗል፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ሊያስወስደኝ ይችላል። እፈራለሁ። ግን ምን ብሎ? ልጇን ጠራች ብሎ?

የእሱ ልጅ እሷን የጠራሁ እየመሰላት ከእኛዋ ቀድማ ትመጣለች፤ እየሳቀች፣ ጉልበቴን ታቅፋለች። እሷ ምን አደረገች? ፀጉሯን እዳብሳለሁ። ከበላያችን የእሱ መስኮት ሲዘጋ እሰማለሁ።

አልረሳህም፣ ይኸነው። ለእሱም መርሳትን አልፈቅድለትም። ነገም እጠራታለሁ።