ለስፌት የምትተርፍ

በሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ሜትር» ተብለው የሚታወቁት እናታችን፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከጥልፍ ሠሪ እናታቸው በመስከረም ወር 1944 ዓ.ም. ተወለዱ። የቤታቸው የፊቱ ክፍል ሱቅ፣ የኋላው መኝታ ስለነበር፣ በስፌት መኪና ድምፅ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር ይባላል። ስሙ የወጣላቸው ሜትር ከአንገታቸው ስለማይጠፋ ነው።

ሁለተኛ ደረጃን እንዳጠናቀቁ አባታቸው በማረፋቸው መቀሱን ተረከቡ። በ1966 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ሾፌሩ ባለቤታቸው ጋር ተጋቡ። ባለቤታቸው ሱሪ ሊያሳጥሩ መጥተው በዚያው የቀሩ ናቸው። «ሱሪዬ እስካሁን አላለቀልኝም» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጆች አፈሩ።

የእትዬ ሜትር ልብ ግን ከማስተማር ላይ ተነሥቶ አያውቅም። ደንበኛ ልብሱን እስኪለካ ልጁን ከመቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ አቁመው፣ በጨርቅ ማስመሪያው ጠመኔ ፊደል ያስጽፉት ነበር። ልጆቻቸው ከፍ ከፍ ሲሉ እሳቸው ራሳቸው የመምህራን ማሠልጠኛ ገብተው ተመረቁ። በመንግሥት ትምህርት ቤት ለመቀጠር ግን የንባብ፣ የጽሕፈትና የሒሳብ መሠረታዊ ችሎታ ፈተና ማለፍ ግድ ነበር። ንባቡንና ጽሕፈቱን እንደ ውኃ ጠጡት። ሒሳቡ ጣላቸው። ደገሙ፤ አሁንም ጣላቸው። የቀራቸው አንድ ዕድል ብቻ ነበር፤ እሱ ካመለጠ በሩ ተዘጋ ማለት ነው።

አንድ እሑድ ጠዋት ባለቤታቸው መነጽራቸውን አድርገው የእትዬ ሜትርን የሒሳብ ልምምድ ሲያርሙ ሳቅ አፈናቸው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ለአጥሩም ጨመርሽለት?»

«ምን ጨመርኩ?»

«ለስፌት የምትሆን ነዋ! አጥሩ ነገ ሊወፍር ነው እንዴ?»

እትዬ ሜትር ወረቀቱን ቀምተው አዩ። እውነት ነው፤ ለአጥሩም፣ ለመንገዱም፣ ለወለሉም ሳይታወቃቸው ጥቂት ጥቂት ጨምረዋል። «ጨርቅ አጥሮ ከሚያሳፍር ተርፎ ይታጠፍ» ብለው ያሳደጓቸው አባታቸው ናቸው፤ እጃቸው ከሐሳባቸው ቀድሞ ይለካ ነበር።

በፈተናው ዕለት ሜትሩን ከአንገታቸው አውልቀው ለባለቤታቸው አስያዙና ገቡ። ባለቤታቸውም ሜትሩን አጥልቀው ከግቢው በር ሲጠብቁ፣ መንገደኛው «ጋሼ፣ ዚፕ ይቀይራሉ?» እያለ ሲያደርቃቸው ዋለ።

ፈተናውን አለፉ። ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ ጡረታ እስከወጡበት 2004 ዓ.ም. ድረስ በመምህርነት አገለገሉ። ሜትሩም ወደ ቦታው ተመለሰ። ተማሪ ተስፋ ሲቆርጥ ጎንበስ ብለው «አይዞህ፣ ገና የሚለቀቅ ስፌት አለህ» ይሉት ነበር። በዚህች ቃል ስንቱ ሰው ሆኗል።

በመጨረሻ የልብ ሕመም አድሮባቸው በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። የቀድሞ ተማሪያቸው የሆነችው ነርስ የደም ግፊታቸውን ለክታ ከፍ ማለቱን ስትነግራቸው፣ «ለስፌት ጨምረሽበት እንዳይሆን» ብለው ክፍሉን በሳቅ ሞሉት። ታኅሣሥ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና «ቲቸር» ብለው የሚጠሯቸውን አያሌ ተማሪዎች ትተዋል።

ማረፊያቸውን የሚለካላቸው አምላክ፣ እጁ እንደ እሳቸው እጅ ይሁን፤ ጥቂት ይጨምርላቸው።