ፍሪጅ ውስጥ ስላለው ጉበት

እታለም፣

ዛሬ ከብት እርባታው ጋ ስለማድር አትጠብቂኝ።

ፍሪጅ ውስጥ ያለው ጉበት ከእኛው ሥጋ ቤት ነው። በሬው መድኃኒት ሳይወጋ በሣር ብቻ ያደገ ነው። በደንብ አብስለሽ አንቺ ብይው።
ለእኔ እንዳታስቀምጪ።

«ጉበት ብረት አለው፣ ደም ላነሰው ጥሩ ነው» እያልኩ ለደንበኛ የምናገረውን ቤት ውስጥ ስለማመድ ሰምተሽ፣ «አንተ ስንጥር፣ ብላ!» እያልሽ የራስሽንም ድርሻ ለእኔ ስትሰጪ ከረምሽ። እኔ ጉበት አልወድም። ይህን ለመናገር አፍሬ፣ ዞር ስትዪ ለጎረቤት ውሻ እሰጠው ነበር።

ትናንት ሐኪሙ ደም አንሶሻል ሲልሽ አጠገብሽ ተቀምጬ መሬት መሬቱን አየሁ።

ነገ ስመጣ እንደፈለግሽ ተቆጪኝ። ግን መጀመሪያ ብይ፤ ለመቆጣትም አቅም ያስፈልጋል።

ወንድምሽ